ባንድ ላይ ይሁን፣ ለየብቻ?

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ እያለ ይወርዳል)

ወልድያ ያላችሁ፣ መርሳና ውርጌሳ፣ ስሪንቃና ግራና፣ ከቆላው እስከ ደጋው ሬዲዮናችሁን የከፈታችሁ ሁሉ፣ ሰላማችሁ ይብዛ። ምጣድ ላይ ያላችሁ እናቶች፣ እንጀራው እንዳያርርባችሁ። ጆሯችሁን ብቻ ስጡን፤ እጃችሁ ከሥራው አይነጠል። የዛሬው ወጋችንም ስለዚሁ ስለ እጅ ነው።

(ድምፅ፦ ከጆግ ውኃ እየተንቆረቆረ ሳፋ ውስጥ ሲወርድ)

ይህ የምን ድምፅ ነው? አዎ፣ የእጅ ማስታጠቢያ ነው። ይህን የሰማ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቀዋል። መሶብ ሊከፈት ነው።

ባለፈው ሰሞን ለሥራ መርሳ ወርጄ ነበር። ሦስት ሆነን አስፋልት ዳር ካለች ምግብ ቤት ለምሳ ገባን። አንዳችን ሽሮ፣ አንዳችን ምስር፣ ወጣቱ ባልደረባችን ደግሞ ፓስታ አዘዘ። አስተናጋጇ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችን። «ባንድ ላይ ይሁን፣ ለየብቻ?»

ሁለታችን «ባንድ ላይ» አልን። ወጣቱ «የኔን ለየብቻ፣ ከሹካ ጋር» አለ። ምግቡ መጣ። እኛ እየቆረስን፣ እሱ በሹካው እየጠቀለለ መብላት ጀመርን። አጠገባችን ጋቢ ለብሰው የተቀመጡ አንድ አባት ለጥቂት ጊዜ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ በርኅራኄ፣ «ልጄ፣ እጅህን ምን ነካው? አመመህ እንዴ?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሱም ሳቀ፤ አንገቱን ግን ደፋ አደረገ።

ወደ ወልድያ ስንመለስ መኪና ውስጥ የነገረኝ ነው የዛሬውን ዝግጅት ያስጀመረኝ። ከዓመታት በፊት አዲስ አበባ አንድ ሠርግ ላይ ሩዝ በእጁ ሲበላ፣ ከፊቱ የተቀመጠች ሴት ምንም ሳትናገር ማንኪያ ገፋ አድርጋ አስጠጋችለት። ዙሪያው ያለ ሰው ፈገግ አለ። «እዚያ በእጄ ስበላ ተሳቀብኝ፤ እዚህ በሹካ ስበላ ተሳቀብኝ። ታዲያ በምን ልብላ?» አለኝ።

በምን ይብላ? እስቲ እናንተም እያሰባችሁበት ቆዩ።

(አጭር ሙዚቃ)

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በእጅ መብላት ኋላ ቀርነት ነው? «አይደለም» ያላችሁ ጥቂት አይደላችሁም፤ ይሰማኛል። «ነው» ብሎ በልቡ የሚያስብ ካለ ግን ይህን ታሪክ ይስማ።

ቶማስ ኮርያት የሚባል እንግሊዛዊ መንገደኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1608 ጣሊያን ሄዶ ሰዎች ሥጋ በሹካ ሲበሉ አየና ተደነቀ። አገሩ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ1611 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ላይ ይህንኑ ጻፈ። ራሱም በሹካ መብላት ጀመረ። ወዳጆቹ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ሳቁበት! ያን ጊዜ እንግሊዞች ገበታ ላይ የሚያውቁት ቢላዋና ማንኪያ ነው፤ ሥጋውን በጣታቸው ነበር የሚያነሱት። እኛ አገር አፄ ሱስንዮስ በነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው። እንግዲህ ባልደረባችን መርሳ ላይ የደረሰበት ነገር ኮርያት ላይ ከ400 ዓመት በፊት ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሹካ የሚለው ስምም ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ እዚያ እሾህ ማለትም ነው። ለሥጋ እሾህ ይጠቅም ይሆናል። ለእንጀራ ግን እሾህ ምን ያደርግለታል?

ደግሞ የኛ ሰው መመገቢያ ዕቃ አያውቅም ያለው ማን ነው? ከኛ ወደ ሰሜን፣ በትግራይ ዐጋመ፣ ጥህሎ አለ። የገብስ ሊጡ እየተድቦለቦለ ይቀርባል፤ በላተኛው ጫፏ ቅርንጫፍ ባላት ትንሽ እንጨት ወጋ ያደርገውና ወጡ ውስጥ ነክሮ ይበላዋል። ያ የገበሬ ሹካ ነው። ጥሬ ሥጋ ያለ ቢላዋ አይበላም። ገንፎም የእንጨት ወይም የቀንድ ማንኪያ ከጥንት ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን የሚቆርብ አድማጭ ደግሞ ከሁሉ የከበረውን ማንኪያ ያውቀዋል፤ ዕርፈ መስቀልን። ቅዱስ ሥጋውን ካህኑ በእጁ ያቀብላል፤ ክቡር ደሙ በዕርፈ መስቀል ይሰጣል። እጅና ማንኪያ እዚያ ሳይጣሉ አብረው ይኖራሉ።

ፓስታስ? ፓስታና ሹካ በብዛት የገቡት ከጣሊያን ጋር ነው። ከአስመራ ተነሥቶ በወልድያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባውን መንገድ የሠራው ጣሊያን ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 በቆየበት የወረራ ዘመን። ወራሪው ሄደ፤ ፓስታው ቀረ። ሕዝባችን ግን ፓስታውን ምን አደረገው? በእንጀራ በላው! ሹካውን ለእንግዳ አስቀምጦ፣ ፓስታውን ትሪ ላይ እንደ ወጥ አወጣው። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ትንሽ ድል ነው የምቆጥረው።

(ድምፅ፦ ምጣድ ላይ ሊጥ ሲፈስ)

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ እንግባ። እንጀራ ምንድን ነው? «ምግብ ነው» ትሉኛላችሁ። ነው። ግን ምግብ ብቻ ነው?

እንጀራ ማንኪያም ነው። የሚበላ ማንኪያ ነው።

ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ በውስጡ አየር ይፈጠራል። ምጣዱ ላይ ሲፈስ ያ አየር ሽቅብ ይወጣና ዓይን ይሆናል። እናቶቻችን «ዓይኑ ያማረ» የሚሉት እሱን ነው። ያ ዓይን ለውበት ብቻ አይደለም፤ ወጡን መጥጦ ይይዛል። ዓይን የሌለው እንጀራ ወጥ አያነሣም፣ ይንሸራተታል። በላተኛው ቁራሹን በሦስት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ወጡ ላይ ጫን አድርጎ፣ ጠቅለል ያደርገዋል። ሙያ ያለው በላተኛ ወጡ ከጣቱ የመጀመሪያ አንጓ አያልፍም። መዳፉ ንጹሕ ነው። እስቲ ዛሬ ራት ስትበሉ መዳፋችሁን እዩ። ወጥ ከነካው፣ የተሳሳተው እጃችሁ እንጂ ባህላችሁ አይደለም!

ታዲያ ሁሉም እንጀራ አንድ ነው? አይደለም። የሀብሩ ሰው ይህን ከኔ በላይ ያውቃል። የማሽላ እንጀራ ትኩሱን ሲሆን ይታጠፋል፤ ካደረ በኋላ ግን ይሰባበራል። ሲሰባበር ምን ይሆናል? ፍትፍት ይሆናል። ለፍትፍት ማንኪያ ቢነሣ ማንም «እጅህን አመመህ?» አይልም።

የእንጀራው መታጠፍ ነገር ከገበታም አልፎ እርሻ ድረስ ይሄዳል። አቀንጭራ የሚባለውን የማሽላ ጠላት የሚቋቋሙ ዝርያዎች እንዲገኙ ያደረጉት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አግኝተዋል። አገራችን ከገቡት ከእነዚህ ዝርያዎች አንዱ «ጎቢዬ»፣ ሌላው «አብሽር» ይባላል። አብሽር! ወሎዬ ይህን ስም ሰምቶ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ታዲያ አዲስ ዝርያ ሲመጣ ገበሬው ምርቱን ብቻ ጠይቆ አይመለስም። ሚስቱ ጋግራ ታየዋለች። «ይታጠፋል ወይ? ሲያድርስ?» ትላለች። ተመራማሪዎችም ይህን ስለሚያውቁ የማሽላን ዘር ሲመርጡ የእንጀራውን ጠባይ አብረው ይመለከታሉ። ሦስት ጣት ያልወደደው ዘር ማሳ ላይ አይቆይም።

የእጅን ነገር ቋንቋችንም ይመሰክራል። ጨው ቁንጥር ነው። ቆሎ እፍኝ ነው። በሶ በውኃ ተለውሶ በእጅ ጭብጥ ሲደረግ ጭብጦ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከጨበጠው እጅ ነው። ወጡ የጣፈጠለት እንግዳ ባለቤቷን ምን ይላታል? «እጅሽ ይባረክ!» «ማንኪያሽ ይባረክ» ሲባል የሰማ አለ?

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ወሎ መሶብ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ታገሡኝ።

በኛ አገር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ቤት ይኖራሉ። አንዳንዱ ቤት አጎት ቄስ፣ የእህት ልጅ ሼህ ነው። ሠርግ ሲሆን ሥጋው ይለያያል፤ ሁሉም የየራሱን ያርዳል፣ ድስቱም ጭልፋውም ለየብቻ ይሆናል። ክርስቲያን ደግሶ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ፣ በጉን ከነሕይወቱ ያስረክበዋል። ጎረቤትም አርዶ፣ በራሱ ድስት ሠርቶ ይበላል። ማንም አይቀየምም።

የጾም ምግብ ሲሆን ግን ነገሩ ይለወጣል። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን አንድ ትሪ ላይ ይወጣል። እጅ ይታጠባል፤ አንዱ በስመ አብ ይላል፣ አንዱ ቢስሚላህ ይላል፤ ሁሉም በቀኝ እጁ፣ ከፊት ለፊቱ ይበላል። አስተዋላችሁ? የሁለቱም ወገን ልጅ ያደገው በአንድ ምክር ነው። «በቀኝህ ብላ፣ ከፊትህ ብላ፣ የሰው ፊት አትድፈር።» መስጊድ የተማረውም፣ ቄስ ትምህርት ቤት የተማረውም ትሪው ላይ ሲገናኙ አይጋጩም። ድስት የሥጋውን ትዝታ ይይዛል ተብሎ ይለያል። እጅ ግን ይታጠባል፤ ታጥቦ ለማንም ይዘረጋል።

ስለዚህ አስተናጋጇ «ባንድ ላይ ይሁን፣ ለየብቻ?» ስትል የጠየቀችው ከሹካው የሚከብድ ጥያቄ ነው። ሹካ ዕቃ ነው። ትሪ ግን ሕግ አለው። አንድ ትሪ ላይ የተቀመጠ ሰው የሌላውን ፍጥነት ያያል። ወንድሙ ወደ ኋላ ከቀረ እጁን ያዘገያል፤ ሥጋ ያለችበትን ጥግ ወደ እንግዳው ገፋ ያደርጋል። ከዚያም ጉርሻ አለ። «በሞቴ! አንድ ያጣላል፣ ድገመኝ!» ይባላል። ለየብቻ ሰሃን ላይ፣ በሹካ፣ ጉርሻ እንዴት ይሰጣል? ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደር መጥቶ ከጻፋቸው ነገሮች አንዱ፣ ሴቶች ሥጋ በእንጀራ እየጠቀለሉ ወንዶቹን ሲያጎርሱ ማየቱን ነው። እሱን የገረመው እኛን የሚገርመን አይደለም።

ይሁንና ትሪን ብቻ አላሞግስም። ትሪ የሚበድላቸው ሰዎች አሉ። ቀስ ብሎ የሚያኝክ ሕፃን። ጥርስ የሌላቸው አያት። «እኔ በኋላ» እያለች የተረፈውን የምትበላ እናት። ግራ እጁ የሚቀናው ልጅም አለ፤ ግራውን በዘረጋ ቁጥር «በቀኝህ!» እየተባለ ምሳው ቅጣት የሚሆንበት። እነዚህን ያየ ሰው «ሁሉም ባንድ ላይ» ብሎ ደፍሮ አያዝዝም።

በ2013 ክረምት ማብቂያ ላይ በጦርነቱ ምክንያት ከወልድያና ከመርሳ ቤታችንን ጥለን የወጣን ሰዎች አንድ ነገር እናውቃለን። ማንኪያ ሸክፎ የወጣ የለም። በየደረስንበት አንድ ሰሃን ለአምስት፣ ለስድስት ሲቀርብ ያበላን እጃችን ነው። ያጣነው ደግሞ ምን ነበር? የመታጠቢያ ውኃና ሳሙና።

(ድምፅ፦ ውኃና የሳሙና መፋተግ)

እዚህ ጋ ነው ቁም ነገሩ፤ እንዳያልፋችሁ። በእጅ መብላት ነውር የለውም። ባልታጠበ እጅ መብላት ግን ነውር ብቻ ሳይሆን በሽታ ነው።

አሁን በሐቀኝነት እንነጋገር። ማስታጠቢያው ሲዞር ምን እናደርጋለን? ውኃ ጠብ ጠብ ይልልናል፣ ሁለት ጣት እናሻለን፣ ወዲያው «ይበቃል፣ ይበቃል፣ ተባረክ» እንላለን። ይህ መታጠብ ነው? አይደለም፤ ውኃ ማስነካት ነው። ሳሙና ያስፈልጋል። በጣቶች መካከል፣ በጥፍር ሥር፣ በእጅ ጀርባ ይታሻል። ለምን ያህል ጊዜ? ቀስ ብላችሁ እስከ 20 እስክትቆጥሩ።

ደግሞ ያቺ ፎጣ! አስታጣቢው ትከሻ ላይ ያለችው። አሥር ሰው የጠረገባት ፎጣ የታጠበውን እጅ መልሳ ታቆሽሸዋለች። እጅን ነፋስ ያድርቀው። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አስታጣቢ ልጆችን መውቀሴ አይደለም፤ የወግ ነገር ነው፣ ከታላቅ ጀምሮ እጅ የሚያስታጥብ ልጅ ምርቃት ያገኛል። ፎጣዋ ብቻ ትቅር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ሲገኝ በየምግብ ቤቱ በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና ተሰቀለ። ጉርሻም ለጊዜው ቆመ። አስታወሳችሁ? ጉርሻው ተመልሷል፤ ደግ ነው። ጀሪካኖቹስ የት ገቡ? ብዙዎቹ ባዶ ሆነው በሩ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ጉርሻን ከመለስን ሳሙናውንም እንመልስ። የሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ጣት የራስ አፍ ውስጥ ከሚገባው ይበልጥ ንጽሕና ይፈልጋል።

እደግመዋለሁ። እጅ ነውር አይደለም፤ ያልታጠበ እጅ ነው። ማንኪያም ቢሆን ቆሻሻ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ከወጣ ከእጅ አይሻልም።

(አጭር ሙዚቃ)

ማንኪያ ከእጅ የሚበልጥበት ቦታ አለ? አለ፤ ሁለቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ሕፃን ነው። በፊት እናቶች ሕፃኑን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ መዳፋቸውን እንደ ቦይ አድርገው ፈሳሽ አፉ ውስጥ ያፈስሱ ነበር። «ማጋት» ይባላል። አሁንም የሚደረግበት ቤት አለ። ይህ አደገኛ ነው፤ ሕፃኑ ትን ይለዋል፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ልጅ 6 ወር ሲሞላው ከእናት ጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ «የራሱ ሰሃን፣ የራሱ ማንኪያ ይኑረው» የምትለው ለፈረንጅ ወግ አይደለም። ከትልቅ ሰው ትሪ የሚበላ ሕፃን ምን ያህል እንደበላ ማን ያውቃል? ከራሱ ሰሃን ሲሆን ግን እናቱ ታያለች። ለሕፃን፣ እንግዲህ፣ ለየብቻ!

ሁለተኛው ልኬት ነው። ሰው ተቅማጥ ይዞት ጤና ጣቢያ እስኪደርስ የተዘጋጀው ፓኬት፣ ኦአርኤስ፣ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ ግን ቤት ውስጥ ይበጠበጣል። እርሳስ ያላችሁ ያዙ። ፈልቶ የቀዘቀዘ አንድ ሊትር ውኃ። 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ አፉ ለጥ ያለ እንጂ የተቆለለ አይደለም። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። እደግመዋለሁ፤ አንድ ሊትር ውኃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨዉን በቁንጥር አትገምቱ። የአባወራ ቁንጥርና የልጅ ቁንጥር አንድ አይደለም፤ ጨው ከበዛ ሕፃን ይጎዳል። እዚህ ላይ እጅ ለማንኪያ ቦታውን ይልቀቅ።

ወደ ወጣቱ ባልደረባችን ልመለስ። «በምን ልብላ?» ነበር ያለው። እኔ የመለስኩለት ይህንን ነው። ምግቡን እይ፣ በይውን እይ፣ ከዚያ ዕቃውን ምረጥ። ሽሮ ከሆነ እንጀራህ ማንኪያህ ነው። ሩዝ ከሆነ ማንኪያ ብታነሣም፣ ሕንድ አገር እንደሚያደርጉት በእጅህ ብትበላም ያንተ ነገር ነው። የመርሳ ማንጎ ከሆነ ደግሞ ሹካ ያነሣ ሰው የማንጎ ጣዕም አልገባውም፤ ማንጎ እስከ ክርን ካልወረደ አልተበላም። (ሳቅ) ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የሳይንስ አይደለም።

አንድ ነገር ከቤቴ ልጨምርና እንሰነባበት። እናቴ አርጅታለች። ባለፈው ዓመት እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከትሪው ቁራሹን ስታነሣ ወጡ ልብሷ ላይ ይወርዳል፣ እሷም ታፍራለች፤ ጠግቤያለሁ እያለች ቶሎ ትነሣ ጀመር። ማንኪያ ገዛሁላት። አየችውና መለሰችልኝ። «በማንኪያ የሚበላ በሽተኛ ነው። እኔ አልታመምኩም» አለች።

ለሳምንት ያህል ተከራከርን። አንድ ቀን እህቴ መላ መጣላት። ጠዋት ገንፎ ሠራች፤ መሐሉን ጎድጎድ አድርጋ ቅቤና በርበሬ አፈሰሰችበት፤ ዙሪያውን ለሁላችንም ማንኪያ ሰካች። እናቴ አንዱን አነሣች፣ ከኛ እኩል በላች፣ ልብሷ ላይ አንድም አልወረደም። ስትጨርስ ማንኪያውን አላስቀመጠችውም። ምሳ ላይ፣ ምስሩ ሲወጣ፣ ያንኑ ማንኪያ ይዛ ትሪው ዳር ተቀመጠች። እኛ በእጃችን፣ እሷ በማንኪያዋ፣ ባንድ ላይ።

«ገንፎ ድሮም የማንኪያ ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

(ድምፅ፦ ማንኪያ ሰሃን ሲነካ፤ መለያው ሙዚቃ ከሥሩ ይገባል)

የሳምንቱ ጥያቄያችን፦ በእናንተ ቤት ያለ ማንኪያ የማይበላው ምግብ የትኛው ነው? በሹካ ሲበላ ያያችሁት፣ ያሳቃችሁስ? ጻፉልን፤ የሚቀጥለው ሳምንት ዝግጅታችን በናንተው መልስ ይጀምራል። ራት ያልበላችሁ ኑ፣ እንብላ። ውኃውን የሚያፈሰው ማን ነው? ሳሙናውን እንዳትረሱ። ደህና እደሩ።

(መለያው ሙዚቃ ከፍ ይልና ያበቃል)